በሐዋሳ ዙሪያና በሲዳማ ደጋ ለሚገኙ አነስተኛ የአፕል አምራቾች፦ የተቀናጀ የተባይና የበሽታ መከላከል ዝርዝር መመሪያ

ከሐዋሳ ተነስቶ ወደ ሁላና ወደ አካባቢው ደጋ የሚወጣ ሰው፣ በእንሰቱ መካከል በየጓሮው አሥር ሃያ የአፕል ዛፍ ቆሞ ማየት ይችላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ የተጀመረው የአፕል ልማት ዛሬ ለሲዳማ ደገኛ ቤተሰብም የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ፍሬውም ሐዋሳ ገበያ ወርዶ ከውጭ አገር ከሚገባው አፕል ጎን ይሸጣል። ገዢው ሁለቱን ሲያነጻጽር ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ልጣጩ ላይ ነው። ጥቁር እከክ ያለበት፣ የተሰነጠቀ ወይም ትል የበሳው ፍሬ የቱን ያህል ቢጣፍጥ ዋጋው ይወድቃል፤ የአንድ ዓመት ድካምም በዚያው ይቀራል።

ብዙ አምራቾች ችግሩን የሚያስተውሉት ፍሬው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ የሚጠይቁት ጥያቄ «ምን መድኃኒት ልርጭ?» የሚል ነው። በዚያን ጊዜ የሚረጭ መድኃኒት ግን የተበላሸውን ፍሬ አያድንም። የአፕል ዛፍ ከበሽታና ከተባይ የሚጠበቀው በአብዛኛው ፍሬ በሌለበት ወቅት፣ ማለትም ቅጠል በሚራገፍበት፣ ቅርንጫፍ በሚገረዝበትና ግንዱ ራቁቱን በሚቆምበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የዓመቱን ሥራ ተከትሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ሰፊውን ቦታ የሰጠውም ለእነዚያ ወራት ነው።

የተቀናጀ መከላከል ሲባል መድኃኒትን ፈጽሞ መተው ማለት አይደለም። ተስማሚ ችግኝ መምረጥ፣ የማሳ ንጽሕናን መጠበቅ፣ በየሳምንቱ ማሰስና ጠቃሚ ነፍሳትን መንከባከብ ቀዳሚ ሆነው፣ ኬሚካል እነዚህ ሁሉ በቂ ሳይሆኑ ሲቀሩ ብቻ፣ ተለይቶ ለታወቀ ችግርና በትክክለኛው ጊዜ የሚገባበት አሠራር ነው።

1. ችግኝ ሲገዙ ሥሩን ይጠይቁ

የአፕል ችግኝ አንዱ ዛፍ በሌላው ላይ ተጣብቆ፣ ከሁለት ዛፎች የተዳቀለ ነው። ከላይ ፍሬ የሚሰጠው ዝርያ አለ፤ ከታች ደግሞ ሩትስቶክ የሚባለው ሥር ያለው ክፍል አለ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የላይኛውን፣ «አና ነው ወይስ ዶርሴት ጎልደን?» ብሎ ነው። ዛፉ የትኛውን በሽታ እንደሚቋቋም በመወሰን ረገድ ግን የታችኛው ክፍል ድርሻ ከፍተኛ ነው።

ኤምኤም 106 እና ኤምኤም 111 የሚባሉት ሩትስቶኮች በእንግሊዝ አገር የተዳቀሉት፣ በተለይ ጥጥ መሳዩን ክሽክሽ እንዲቋቋሙ ታስቦ ነው። ይህ ክሽክሽ ከቅርንጫፍ አልፎ ሥር ላይ እብጠት እየፈጠረ ዛፉን የሚያዳክም ተባይ በመሆኑ፣ ሥሩ የሚቋቋመው ከሆነ ግማሹ ትግል አብቅቷል ማለት ይቻላል። ኤምኤም 106 ግን አንድ ድክመት አለበት፤ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ የግንድ አንገት (ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታ) መበስበስ በቀላሉ ያጠቃዋል። ኤምኤም 111 ይህንን በሽታም ሆነ የውኃ እጥረትን በተሻለ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ዛፉ ከፍ ብሎ ስለሚያድግና ፍሬ ለመስጠት ስለሚዘገይ አምራቹ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ኤም 9 የሚባለው ድንክ ሩትስቶክ ደግሞ ቶሎ ያፈራል፤ ነገር ግን ለክሽክሹ ተጋላጭ ነው፤ ሥሩም ደካማ በመሆኑ ዘወትር ድጋፍ ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት፣ መሬቱ ጥቁርና ከባድ ከሆነ ወይም በክረምት ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ኤምኤም 111 ይመረጣል፤ ተዳፋትና ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ከሆነ ኤምኤም 106 ይበቃል።

ለችግኙ ከመክፈልዎ በፊት ሥሩን ከፕላስቲኩ አውጥተው ይመልከቱ። ሥሩ ላይ እንደ ፍንጣጣ ያበጡ እብጠቶች ካሉ፣ ከተዳቀለበት ቦታ አጠገብ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይም የግንዱ ቅርፊት ሲፋቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ አይውሰዱት። ከታወቀ ችግኝ ጣቢያ መግዛት ዋጋው ቢከብድም፣ በርካሽ የገባ አንድ የታመመ ችግኝ ሰፈሩን በሙሉ ሊበክል ይችላል።

ስለ ላይኛው ዝርያ ሁለት ነጥብ ብቻ ላንሳ። አና እና ዶርሴት ጎልደን ቅዝቃዜ ብዙ የማይፈልጉ ስለሆኑ፣ ከፍታው 1,700 ሜትር ገደማ በሆነው በሐዋሳና በአካባቢው ግቢ ውስጥ የሚሞክር ሰው ከእነዚህ ውጭ ባያስብ ይሻላል፤ ደጋው ላይ ምርጫው ሰፊ ነው። ግራኒ ስሚዝን የሚተክል ሰው ደግሞ ይህ ዝርያ ከዚህ በታች በምንገልጸው ዱቄታማ ሻጋታ በቀላሉ እንደሚጠቃ አውቆ ይግባበት። አና ያለ ሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት በደንብ ስለማያፈራ፣ አናንና ዶርሴት ጎልደንን አጠገብ ለአጠገብ መትከል የተለመደ ነው።

2. አተካከልና የግንዱ አንገት

የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህ ቦታ አፈር ውስጥ ከተቀበረ የላይኛው ዝርያ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ያን ጊዜ በሩትስቶኩ የገዙት በሽታን የመቋቋም አቅም ይጠፋል።

እዚህ ላይ በሲዳማ ደጋ በተለይ መታረም ያለበት ልማድ አለ። እንሰትን ሲንከባከብ የኖረ ቤተሰብ ፍግ እግሩ ሥር መከመርን ያውቅበታል፤ ለእንሰቱም ይጠቅመዋል። ያንኑ ለአፕል ማድረግ ግን ዛፉን ይገድላል። ግንዱን የነካ እርጥብ ፍግና አፈር ፋይቶፍቶራ ለሚባለው የአንገት አበስባሽ ተሕዋስ ምቹ መኖሪያ ይሆናል። ምልክቱ ዝናብ ሲበረታ ይጀምራል፦ አፈሩ ጠርዝ ላይ ያለው ቅርፊት ይረጥባል፣ ሲፋቅ ቀይ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፤ የዛፉ ቅጠል ያለ ወቅቱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ በመጨረሻም ዛፉ በአንድ ወገን ይደርቃል። ስለዚህ ፍጉን ከግንዱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ በቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ ዙሪያ በቀለበት ይበትኑ። ጉዝጓዙም እንዲሁ ግንዱን አይንካ። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከዛፉ በላይ በኩል ትንሽ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

በዛፎቹ መካከል 4 ሜትር ያህል ርቀት ይተዉ። መሬት ጠባብ በሆነበት ጓሮ ይህ ከባድ መሥዋዕትነት መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም የተጠጋጉ ዛፎች ቅጠል ከዝናብ በኋላ ሳይደርቅ ይውላል፤ በሽታ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

3. ቅጠል ማራገፍ፦ የዓመቱ ዋና ሥራ

በእኛ ደጋ ብርዱ በረዶ የሚያዘንብ ስላልሆነ፣ የአፕል ዛፍ ቅጠሉን በራሱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አያራግፍም። በዚህም ምክንያት አምራቹ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በደረቁ ወራት፣ በአብዛኛው በታኅሣሥና በጥር፣ ቅጠሉን በእጁ እየለቀመ ዛፉን «ያስተኛዋል»፤ ከዚያም ዛፉ በአንድ ላይ አቆጥቁጦ ያብባል። ይህ ሥራ ሁልጊዜ የሚታየው እንደ ማፍሪያ ዘዴ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ግን ትልቁ የበሽታ መከላከያ ነው።

ስካብ፣ ማለትም ቅጠሉንና ፍሬውን ጥቁር እከክ የሚያለብሰው የሻጋታ በሽታ፣ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገረው በታመመው አሮጌ ቅጠል ነው። ዛፉ ላይ የቀረ ቅጠል በሽታውን በቀጥታ ለአዲሱ ቀንበጥ ያስተላልፋል፤ መሬት ላይ የወደቀው ደግሞ ውስጥ ውስጡን ሻጋታውን አሳድጎ፣ የበልጉ ዝናብ ሲነካው ዘሩን ወደ አየር ይለቃል። ቅጠሉን ለቅሞ ዛፉ ሥር ጥሎ የሚሄድ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ፣ ቅጠሉ አርጅቶ ገና ዛፉ ላይ እያለ፣ 5 በመቶ የዩሪያ ውኃ ይረጩ። በጀርባ በሚታዘለው 15 ሊትር በሚይዝ መርጫ 750 ግራም ዩሪያ ማለት ነው። ዩሪያው መጀመሪያ በባልዲ ውስጥ ይሟሟ፤ አፍንጫውን እንዳይደፍነውም በነጠላ ጨርቅ ይጠለል። የቅጠሉ ሁለቱም ገጾች እስኪንጠባጠቡ ድረስ ይርጠቡ፤ መሬት ላይ የወደቀውም ይረጭ። ዩሪያው በቅጠሉ ላይ ያለውን ሻጋታ እንዳይራባ ያግደዋል፤ የአፈር ተሕዋስያንንና የአፈር ትሎችን በናይትሮጂን ስለሚመግብም ቅጠሉ ቶሎ እንዲበሰብስ ያደርጋል። ይህ መጠን ለአሮጌ ቅጠል ብቻ የተወሰነ ነው፤ ለጋ ቅጠል ላይ ከተረጨ ያቃጥላል።

ከሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠሉን ይልቀሙ። ቅርንጫፉን በጭብጥ ይዞ ቁልቁል መግፈፍ በቅጠሉ ብብት ያለውን እንቡጥ ይቆርጣልና፣ ጊዜ ቢወስድም አንድ በአንድ ወይም ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ በጣት ይዞ መልቀም ይገባል። የደረቀና ተጨማዶ የተንጠለጠለ ፍሬ ካለ አብሮ ይውረድ። የተለቀመው ሁሉ በሸራ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተሰብስቦ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበር፤ በደንብ የሚሞቅ የኮምፖስት ክምር ያለው ሰውም መሐሉ ላይ ሊጨምረው ይችላል። ዩሪያ የተረጨ ቅጠል ለከብትም ሆነ ለበግ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ዩሪያ እንስሳትን ይመርዛል።

ጎረቤትዎ በዚያው ሳምንት ካላራገፈ የእርስዎ ልፋት ይቀንሳል፤ የስካብ ዘር አጥር አይገድበውም። በመንደር ደረጃ ቀን ቆርጦ በደቦ መሥራት ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ለእንሰት ሥራ የሚጠራው ደቦ ለዚህም መጠራት አለበት።

4. መግረዝ

ዛፉ ራቁቱን ሲቀር የታመመው ክፍል በግልጽ ይታያል። የሞተ፣ የተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ የሰመጠና የቆሰለ ቅርንጫፍ ከቁስሉ በታች ጤነኛ እንጨት እስኪታይ ድረስ ይቆረጥ። በመቀጠል እርስ በርሳቸው የሚፋተጉት፣ ወደ መሐል የሚያድጉትና ከግርጌ የሚፈናጠሩት ይወገዱ። ዓላማው ፀሐይና ነፋስ እስከ ዛፉ ልብ እንዲገቡ ነው።

በዚሁ ጊዜ የቀንበጦቹን ጫፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። ዱቄታማው ሻጋታ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገረው እንቡጥ ውስጥ ተደብቆ ነው። ጤነኛው እንቡጥ ሞላ ብሎ የተዘጋ ሲሆን፣ የታመመው የቀጨጨ፣ ሾል ያለና ቅርፊቱ የተከፈተ ነው፤ ቀንበጡም አመድ የነሰነሱበት መስሎ ግራጫ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጫፍ ከምልክቱ በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይቁረጡት።

መቀሱ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር በአልኮል፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ይጽዳ። በረኪና ብረት ስለሚያዝግ ማታ ላይ መቀሱን አጥቦ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

5. የቦርዶ ድብልቅ አዘገጃጀት

ከመግረዝ በኋላ፣ እንቡጡ ከማበጡ በፊት፣ ቁስሉንና ግንዱን በቦርዶ ድብልቅ መሸፈን የዓመቱን መዳብ ነክ ርጭት በአንድ ጊዜ ያጠናቅቃል። ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌትና ኖራ በውኃ ተቀላቅለው የሚሠሩት ይህ ድብልቅ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን፣ በትንሽ ጥንቃቄ በቤት ሊዘጋጅ ይችላል። ለ15 ሊትር 150 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 150 ግራም አዲስ፣ ብዙ ያልቆየ ኖራ ይበቃል።

ኮፐር ሰልፌቱን በፕላስቲክ ባልዲ በ7 ሊትር ውኃ ያሟሙት፤ በቀዝቃዛ ውኃ ሰዓታት ስለሚፈጅ ከዋዜማው ማሳደር ይቻላል። የብረት ባልዲ አይሆንም፤ መዳቡ ብረቱን ይበላዋል። ኖራውን በሌላ ፕላስቲክ ባልዲ በቀሪው ውኃ በጥብጠው በጨርቅ ያጥልሉት። ከዚያም የኮፐሩን ውኃ ቀስ እያሉ፣ ያለማቋረጥ እያማሰሉ ወደ ኖራው ውኃ ያፍስሱ። ትክክለኛው ድብልቅ ሰማይ መስሎ የደፈረሰ ነው።

አሁን አንድ ፈተና ይቀራል። በአሸዋ ተፈትጎ የጸዳ ምስማር ድብልቁ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩ። ሲወጣ እንደነበረው ነጣ ብሎ ከተገኘ ድብልቁ ተስተካክሏል። ቀላ ያለ የመዳብ ልባስ ከያዘ ግን ኖራው አንሷል፤ ጥቂት ኖራ በጥብጠው ጨምረው ምስማሩን እንደገና ፈትገው ይሞክሩ። ይህን ፈተና ሳያልፍ የተረጨ ድብልቅ እንቡጡን ያቃጥላል።

የተዘጋጀው በዚያው ቀን ይረጭ፤ ካደረ አይጠቅምም። ቅጠልና ፍሬ በወጣ ጊዜ ይህንን መጠን መጠቀም የፍሬውን ልጣጭ ሻካራ ቡናማ ያደርገዋል። በግ ለመዳብ መርዝ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ከርጭቱ በኋላ ዝናብ መሬቱን በደንብ ሳያጥበው በዛፎቹ ሥር አይሰማራ።

6. ከእንቡጥ እስከ አበባ

ዛፉ ሲያቆጠቁጥ የመጀመሪያው እንግዳ ዱቄታማው ሻጋታ ነው። ከሌሎች የሻጋታ በሽታዎች የሚለየው ቅጠሉ ላይ ውኃ እንዲቋጠር አለመፈለጉ ነው፤ እርጥበት አዘል አየርና መጠነኛ ሙቀት ይበቃዋል፤ ብርቱ ዝናብ ደግሞ ያዳክመዋል። ስለዚህ ደመናና ጤዛ ኖሮ ዝናብ በማይዘንብባቸው ሳምንታት ይበረታል፤ ሐዋሳ ዙሪያም ከደጋው ይልቅ የሚያስቸግረው እሱ ነው። በመግረዝ ጊዜ አምልጦ ነጭ ሆኖ የወጣ ቀንበጥ ካዩ፣ ሳያራግፉ በፌስታል ሸፍነው ይቁረጡት፤ ሸፋፍኖ መቁረጡ ዱቄቱ በሌሎች ቅጠሎች ላይ እንዳይበተን ነው።

ይህ ካልበቃ በውኃ የሚበጠበጥ ሰልፈር በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ይረጫል። ሰልፈር ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ቢሆንም የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ሰዓት ቅጠል ያቃጥላል። ሐዋሳ ላይ የሚያለማ ሰው በጠዋት፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይርጭ። የነዳጅ ዘይት ነክ ፀረ-ተባይ ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ሰልፈር አይረጭ።

አበባው ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ እስኪረግፍ ድረስ ምንም ዓይነት ፀረ-ነፍሳት አይረጭ። ንብ የሌለበት የአፕል ዛፍ ፍሬው ጥቂትና ጠማማ ነው።

7. ዝናቡ ሲገባ ስካብን መቅደም

ስካብ እንዴት እንደሚይዝ ያወቀ አምራች መቼ መርጨት እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የሻጋታው ዘር ለጋ ቅጠል ላይ አርፎ ለመግባት፣ ቅጠሉ ያለማቋረጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። አየሩ ከ17 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን 9 ሰዓት ያህል እርጥበት ይበቃዋል፤ 10 ዲግሪ በሆነ ብርዳማ ሌሊት 14 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ ጀምሮ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ያልተነሣበት ቀን፣ በደጋ የተለመደው የበልግ ቀን፣ ለበሽታው የተመቸ ነው ማለት ነው። ምልክቱ ግን በዚያው ቀን አይታይም፤ ከ9 እስከ 17 ቀን ቆይቶ የወይራ ቅጠል መልክ ያለው ቡላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ድንገት ታመመ» የሚባለው ዛፍ የታመመው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ስለዚህ እንደ ማንኮዜብ ያለ የሚሸፍን ፀረ-ሻጋታ ጥቅም የሚሰጠው ከዝናቡ በፊት ቅጠሉ ላይ ሲጠብቅ ነው። እንቡጡ አረንጓዴ ጫፍ ካሳየበት ጊዜ አንሥቶ ፍሬው የለውዝ ያህል እስኪሆን ድረስ ያለው ወቅት ወሳኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጠነከረ ቅጠል በሽታውን ይቋቋማል፤ ያረጀ ፍሬም በቀላሉ አይያዝም። የቅጠል ማራገፉን ሥራ በትክክል የሠራ አምራች የርጭቱን ብዛት በግልጽ ይቀንሳል፤ ያልሠራው ግን የቱንም ያህል ቢረጭ ከኋላ እየተከተለ ነው የሚሮጠው።

8. ሳምንታዊ አሰሳ

ሃያ ዛፍ ያለው ሰው ሁሉንም ማየት ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው አሥር ዛፍ መርጦ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ቀንበጥ ይመልከት፤ ከመቶው ስንቱ ላይ ምን እንደታየ በደብተር ይጻፍ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ማወቅ ከአንድ ቀን ግምት የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥጥ መሳዩ ክሽክሽ በብዛት የሚገኘው በተገረዘ ቁስል ዙሪያ፣ በቅርንጫፍ መጋጠሚያና ከግንዱ ግርጌ ነው። ነጩን ጥጥ በጣትዎ ጨፍልቀው ቢያሹት ጣትዎ ቀይ ቡናማ፣ ደም የመሰለ ቀለም ይይዛል፤ በዚህ ከሌላ ሻጋታ ይለዩታል። ከመጨፍለቅዎ በፊት ግን ጥጡን በቀስታ ገልጠው ይመልከቱ። ጥጥ አልባ ሆነው የጠቆሩና ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው ክሽክሾች ካሉ፣ አፌሊነስ ማሊ የምትባል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ጥቃቅን ተርብ እየሠራችልዎ ነው። እንቁላሏን ክሽክሹ ውስጥ ትጥላለች፤ እጯም ከውስጥ በልታ ጀርባውን በስታ ትወጣለች። ግማሽ ያህሉ ከጠቆሩ ምንም አይርጩ።

ተርቧ ከሌለች ወይም ጥቂት ከሆነች፣ ክሽክሹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ፈትጎ ማውረድ ለትንሽ ማሳ ይበቃል። በ1 ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሳሙና ይጨመር፤ መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተሞክሮ ሁለት ቀን ይታይ። የሳሙና ውኃ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነውና ጥጡ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። በቀንበጥ ጫፍ ቅጠል የሚጠቀልለው አረንጓዴ ክሽክሽም በዚሁ መንገድ ይታከማል፤ ጉንዳን ግንዱን ይዞ ሲመላለስ ካዩ ክሽክሹን ከጠላቶቹ እየጠበቀው ስለሆነ መንገዱን መዝጋት ያስፈልጋል።

ቀይ ሸረሪት በደረቁ ወራትና አቧራ በሚበዛበት መንገድ ዳር ይጠናል። ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይዘው ቅርንጫፉን መታ መታ ያድርጉ፤ ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ካሉ እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ፦ እንደ ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ያሉ ሁሉን ገዳይ መድኃኒቶች ቀይ ሸረሪትን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳትና ተርቧን አብረው ስለሚፈጁ፣ ከርጭቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሸረሪቱም ክሽክሹም ከበፊቱ ብሰው ይመለሳሉ። ብዙ አምራቾች «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ደግመው የሚረጩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ችግሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው።

9. ፍሬው ሲያድግ

ፍሬው የለውዝ ያህል ሲሆን ከአንድ አበባ ዘለላ አንድ ፍሬ፣ ቢበዛ ሁለት ያስቀሩ። ቀሪው ይገደፍ። ተነካክተው የሚያድጉ ፍሬዎች መካከል ትል ይሸሸጋል፤ ርጭትም አይደርስበትም። የወደቀ ፍሬ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀም፤ ተቆርጦ ትሉ ወደ ዘሩ ገብቶ ከተገኘ በጥቁር ፌስታል ታስሮ ፀሐይ ላይ ለሳምንት ይዋል፣ ወይም በጥልቅ ይቀበር። ጥሩ ፍሬ ያላቸውን ጥቂት ዛፎች በወረቀት ከረጢት መሸፈን ከትልም ከወፍም ያድናል።

ፍልፈል በእንሰት ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ የአፕል ሥርም ይበላል። ሳይታወቅ የሚጠወልግ ዛፍ ካለ ዙሪያውን አዲስ የአፈር ቁልል መኖሩን ይመልከቱ፤ መፍትሔው በአካባቢው የታወቀው ወጥመድ ነው።

10. ኬሚካል የግድ ሲሆን

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ስለሆነም በሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ያለ መለያ የሚሸጥ መድኃኒት ምንም ቢረክስ አይግዙ፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተዘጋጀና ከርጭት በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎት ማወቂያ መንገድ የለዎትም። በመለያው ግርጌ ያለው የቀለም መስመር የመርዛማነቱን ደረጃ ያሳያል፦ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል እየቀነሱ ይሄዳሉ። ለጓሮ አፕል ቀይ መስመር ያለው አያስፈልግም።

አንድ ዓይነት ገዳይ ንጥረ ነገር ያለውን ፀረ-ሻጋታ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ መጠቀም በሽታው እንዲላመደው ያደርጋል። የንግድ ስሙ ቢለያይም ውስጡ አንድ ሊሆን ስለሚችል፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም አንብቡ ወይም የሚያነብ ልጅ አስነብቡ። ጓንት፣ ቦቲ፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይለበስ፤ ነፋስ ባለበት አይረጭ። ከወንዶ ገነት ወገን የሚወርደው ውኃ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ሐዋሳ ሐይቅ ይገባልና፣ መርጫን ወንዝ ወይም ምንጭ ዳር ማጠብ ለዓሣውም ለሚጠጣውም ሕዝብ ጉዳት ነው። ባዶ ዕቃው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ፣ ዕቃው ዳግመኛ ለውኃና ለዘይት እንዳይውል ይበሳ።

11. ያላወቁትን ምልክት ለባለሙያ ማቅረብ

አንዳንድ በሽታ በዓይን ብቻ አይለይም፤ በግምት ከመርጨት ናሙና ይዞ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መሄድ ይሻላል። የደረቀ ቅጠል ብቻ ይዞ መሄድ ግን ለባለሙያው አይጠቅመውም፤ ከሞተ ቅጠል ላይ የሚገኘው በኋላ የገባ ሻጋታ ነው። የታመመውና ጤነኛው ክፍል የሚገናኝበት ያለው ቀንበጥ፣ ቢቻል ከአንድ በላይ፣ ይቆረጥ። ዛፉ በሙሉ ከጠወለገ ጥቂት ሥርና ሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር፣ እንዲሁም ከግንዱ አንገት የተፋቀ ቅርፊት ይጨመር። ናሙናው በፌስታል ከታሸገ በላብ ይሻግታልና በጋዜጣ ይጠቅለል፤ በዚያው ቀን ይድረስ፤ ካልሆነም ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። አብሮት በወረቀት የሚጻፍ ነገር አለ፦ ዝርያውና ሩትስቶኩ፣ ዛፉ የተተከለበት ዓመት፣ ምልክቱ መቼና በየትኛው ወገን እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት የዘነበው ዝናብ፣ የተረጨው ነገርና ቀኑ፣ ከስንት ዛፍ ስንቱ እንደታመመ። በስልክ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች፣ አንዱ ዛፉን በሙሉ ሌላው ምልክቱን ከቅርብ የሚያሳዩ፣ ቢታከሉ ባለሙያው ማሳው ድረስ ሳይመጣም ብዙውን ነገር ሊለይ ይችላል።